«ካሳውን በላህ ወይ?» ለምትሉኝ

አንድ የሠፈሬ ልጅ ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ «ትራክ ገጭቶህ ሚሊየነር ሆንክ አሉ!» አለኝ። ትከሻህ ዳነ ወይ የሚል ግን የለም።

ወሬው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እዚህ አሜሪካ፣ ከስቴት ስቴት ጭነት የሚያመላልስ ትልቅ ትራክ ቢያንስ የ750,000 ዶላር ኢንሹራንስ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። ለተገጨ ሁሉ የሚታደል መስሏቸው ነው።

የተገጨሁት ቨርጂኒያ ነው፤ መንገዱ ተዘጋግቶ ቆሜ ሳለ ከኋላ። የግራ ትከሻዬ ጅማት ተበጠሰ። የቨርጂኒያ ሕግ ደግሞ ጨካኝ ነው፤ ተጎጂው ለአደጋው 1 በመቶ እንኳ ጥፋት ከተገኘበት ሰባራ ሳንቲም አያገኝም። የኢንሹራንሱ ሰዎች ያቺን 1 በመቶ ሲፈልጉ ከርመው ሲያጡ ወደ ትከሻዬ ዞሩ።

በሁለቱም ወገን ጠበቆች ፊት ምዬ ቃሌን ስሰጥ የእነሱ ጠበቃ ላፕቶፑን አዞረልኝ። እኔው ነኝ! ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ሰው ሁሉ «እንኳን አተረፈህ» እያለ ትከሻ ለትከሻ ይጋጨኛል። ለካ ሰው ቀጥረው ከመኪና ውስጥ ያስቀርጹኝ ነበር። «ታሟል ባሉት ትከሻ ሰው ለምን ይገጫሉ?» አለ ኮስተር ብሎ። ሐበሻዋ አስተርጓሚ ከንፈሯን ነክሳ ተረጎመችው። ሰላምታ ነው፣ ደግሞም በቀኝ ነው ብል ማን ይመነኝ? ጠበቃዬ «አሳያቸው» አለኝ። የልጆች አባት፣ ከነከራቫቴ ተነሥቼ ከአንድ ግዙፍ ፈረንጅ ጋር በቀኝ ትከሻ ተጋጨሁ። ቃል የምትመዘግበው ሴትዮ ጣቷ ኪቦርዱ ላይ ደርቆ ቀረ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

የኛም ሰው ለጉድ ነው። ግማሹ «ተወው፣ እግዜር ይከፍልሃል» ይላል፤ ግማሹ «አንገትህ ላይ ድጋፍ አድርግና አቃስት» ይላል።

በመጨረሻ ተስማማን። ሲሶ ለነጋሽ፣ ሲሶ ለቀዳሽ ይባል የለ? እዚህ ሲሶው የጠበቃ ነው፤ ከዚያ ሐኪም ቤቱ ዕዳውን ያነሣል፤ የተረፈው ላራሽ።

መጥታችሁ ትራክ ለመንዳት ያሰባችሁ ወንድሞች፣ ጭነት የሚነዳ ሰው በአንድ ፈረቃ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድለትም፤ ሰዓቱንም ማሽን ይመዘግበዋል። ባለ ትራኩ መዝገቡን የማቆየት ግዴታ ያለበት 6 ወር ብቻ ስለሆነ፣ ተገጭታችሁ ከሆነ ጠበቃችሁ «እንዳታጠፉ» የሚል ደብዳቤ ቶሎ ይላክ። ቨርጂኒያ ለጉዳት ክስ የምትሰጠው 2 ዓመት ነው። የባለ ትራኩ ኢንሹራንስ ደውሎ፣ ድምፃችሁን እየቀዳ «እንዴት ነህ?» ሲላችሁ ደግሞ፣ እንደለመዳችሁት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ በጣም ደህና ነኝ» እንዳትሉ። ጠበቃዬን አነጋግር ብላችሁ ዝጉት።