የእማዬ ጋቢና የላንድክሩዘሩ ሂተር

ባሕር ዳር ላይ «የመኪናዬ ሂተር አይሠራም» ብትል ሰው ግራ ይገባዋል። «ለዚህ አገር ደግሞ ሂተር?» ይሉሃል። እውነታቸውን ነው። ጣና ዳር ማን ሂተር ይከፍታል? እኔም ዓመታት ካናዳ፣ ካልጋሪ ባልኖር ኖሮ ነገሬም አልለው ነበር።

በ2011 ታኅሣሥ የመጣሁት እማዬን ለገና ላሊበላ ላደርሳት ነው። መኪናው የአጎቴ አሮጌ ላንድክሩዘር ነበር። አስቀድመን ዘመድ ልንጠይቅ ደብረ ታቦር ወጣን። በማግስቱ በጠዋት ስንመለስ ብርዱ አጥንት ሰርስሮ ይገባል። ሂተሩን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። አየሩ በኃይል ይወጣል፣ ሙቀት ግን የለውም። እማዬ በጋቢዋ ተጠቅልላ «ደህና ነኝ ልጄ» ትለኛለች። ጥርሷ ይንገጫገጫል። የላሊበላው መንገድ ደግሞ በነፋስ መውጫ ነው የሚያልፈው። ብርዱን ስሙ ይናገራል። በዚህ መኪና አልወስዳትም አልኩ።

ካልጋሪ ብርዱ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሲገባ ሂተር የሕይወት ጉዳይ ነው። እዚያ ታክሲ የሚነዳ ያገሬ ልጅ ነው ያስተማረኝ። «ሂተር የራሱ እሳት የለውም፣ የሚያሞቅህ የሞተሩ ውሃ ነው» አለኝ። ወደ ሂተሩ የሚገቡትንና የሚወጡትን ሁለት የውሃ ጎማዎች (ቱቦዎች) በእጅ መንካት ነው። ሁለቱም ትኩስ ከሆኑ ውሃው ይዞራል፣ ችግሩ ከአየሩ በኩል ነው። አንዱ ትኩስ፣ አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ የሂተሩ ትንሽ ራዲያተር ተደፍኗል፣ ወይም የውሃ መክፈቻው ተዘግቷል።

ባሕር ዳር እንደገባን ኮፈኑን ከፍቼ ነካሁ። ሁለቱም ለብ ያሉ ናቸው። ያን ሁሉ መንገድ ተነድቶ የሙቀት ጌጁም ከታች አልተነሳም። ሞተሩ ራሱ አልሞቀም ማለት ነው። የቢራ ካርቶን ቀድጄ የራዲያተሩን ፊት በከፊል ሸፈንኩና ዓይኔን ከጌጁ ሳልነቅል ነዳሁ። ጌጁ ወጣ፣ ሂተሩም ሞቀ። ቴርሞስታቱ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው ክዳን፣ ወይ ክፍት እንደሆነ ደርቋል ወይ ጭራሹኑ የለም።

አጎቴ ወደሚያሠራበት ጋራዥ ሄድኩ። ሽማግሌው መካኒክ ነገሩን ሰምተው «እኔው ነኝ ያወጣሁት የኔ ልጅ» አሉኝ። መኪናው ዓባይ በረሃ ላይ፣ የደጀንን አቀበት ሲወጣ ውሃ አፍልቶ ነበር። ቴርሞስታቱ ሲወጣ ማፍላቱ ቀረ። ብዙ ጋራዥ እንዲህ ያደርጋል፣ አልፈርድባቸውም። ግን ሞተሩ ሁልጊዜ ቀዝቅዞ ሲሠራ ነዳጅ ይበላል፣ ራሱም ቶሎ ያልቃል። ይሄ ነው ያንገበገበኝ።

«ጋሼ፣ ያኔ ለምን አፈላ?» አልኳቸው። ዝም ብለው ራዲያተሩን አወረዱት። ውስጡ ዝገት ብቻ! ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ነው የጠጣው።

ራዲያተሩ ታጠበ። አዲስ ቴርሞስታት ገባ። ከባዶ ውሃ ይልቅ ኩላንት፣ ዝገት የሚከላከለውን የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ሞላን። አየር እንዳይቀርበት መኪናውን ፊቱን ወደ ዳገት አቁመን፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ክዳኑን ከፍተን፣ ሂተሩን ሙቅ ላይ አድርገን አስነሳነው። አየሩ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወጣ። ውሃው ሲጎድል እየጨመርን ክዳኑን ዘጋን።

የገና ሰሞን ነፋስ መውጫን በሌሊት አለፍን። እማዬ ጋቢዋን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አድርጋለች። ትንሽ ቆይታ «እስቲ መስኮቱን ዝቅ አድርግልኝ» አለችኝ።