እማዬ የምትቆረጥመው

ነሐሴ 12፣ ጎንደር

እማዬ ቆሎ መቆርጠም ካቆመች ዓመት ሊሞላት ነው። ዘንድሮ መስከረም ላይ ሦስት መንጋጋ ጥርሶቿ ተነቀሉ። የቀሩትም ጠንካራ ነገር አይችሉም። ከዚያ ወዲህ ቡና ተፈልቶ የቆሎው ሳህን እሷ ጋ ሲደርስ አንዲት ፍሬ ብቻ ታነሣለች። አፏ ውስጥ አድርጋ ዝም ትላለች። እስክትርስ ነው የምትጠብቀው። እንግዳ አያስተውለውም። እኔ ግን ባየኋት ቁጥር ሆዴ ይላወሳል።

ይቺ ሴት እኮ ሰፈሩ ሁሉ በቆሎዋ የሚያውቃት ናት። ከዳባት በኩል የሚመጣውን ሰነፍ ቆሎ መርጣ ትገዛለች፣ ትሸከሽካለች፣ ምጣድ ፊት ተቀምጣ ሳትቸኩል ትቆላለች። ሰርግ ሲኖር፣ ልጅ ሲመረቅ፣ ሰው መንገድ ሲወጣ ቆሎው የሚታዘዘው ከእሷ ነበር። አሁንም ትቆላለች። መቅመስ ግን ለእኛ ትታዋለች።

ሰኔ ላይ አንዲት ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ስትመጣ አንድ ማሰሮ ግራኖላ አምጥታልኝ ነበር። አጃ፣ ለውዝና ዘቢብ በማር ተለውሶ የተጋገረ። አንድ ማንኪያ አፌ ውስጥ አደረግኩ። ኩርሽም አለ፤ ወዲያው ፍርክስክስ ብሎ ጠፋ። ጥርስ አይፈታተንም። ያኔ ነው እማዬ ትዝ ያለችኝ። የማሰሮውን ዋጋ ስጠይቅ ደግሞ ቤት ውስጥ መሥራት እንዳለብኝ ገባኝ።

ሐሳቡ ሥራ ላይ የዋለው ግን ፍልሰታ ሲገባ ነው። ብዙ ሰው ግራኖላው እንዲያያዝ የእንቁላል ነጭ ይጨምርበታል። በጾም ይሄ አይሆንም። ምን ልተካበት ብዬ ሳስብ ተልባ መጣልኝ። ተልባ ተፈጭቶ ውኃ ሲነካው እንዴት እንደሚዝለገለግ የማያውቅ ማን አለ? አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውኃ ዘፍዝፌ አሥር ደቂቃ ተውኩት። ልክ እንደ እንቁላል ነጭ ሆነ። እውነት ለመናገር በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ቅዳሜ ገበያ ወጥቼ ሰሊጥ፣ ለውዝ፣ ተልባና የዱባ ፍሬ ገዛሁ። ዝናቡ ፋታ ስላልሰጠን ባለ ባጃጁ እየሣቀ እቃዬን በላስቲክ ሸፈነልኝ። አጃውን ያገኘሁት ፒያሳ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፤ የተዳመጠው አጃ ሰፋፊና ወፈር ያለ መሆን አለበት። ቶሎ እንዲበስል ተብሎ የደቀቀው ማርና ዘይት ሲነካው ገንፎ ነው የሚሆነው። ዘቢብም ገዛሁ። እማዬ ፌስታሉን ስትከፍት ዘቢቡን አነሣችና አየችኝ።

«ዘቢብ ለቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ነው እንጂ እንዲህ እንደ ቆሎ የሚበላ አይዶለም» አለች።

እውነቷን ነው። እኛ ቤት ዘቢብ ሁልጊዜ ከጧፍና ከዕጣን ጋር ነው የሚገዛው። ቅዳሴ ላይ የሚቀርበው ወይን ከእሱ ነው የሚዘጋጀው። ትንሽ ብቻ ነው የምጨምረው ብዬ አባበልኳት። መልስ አልሰጠችኝም።

የመጀመሪያው ቀን ዘቢቡን ከአጃው ጋር ደባልቄ ኦቭን ውስጥ ከተትኩት። ስህተት ነበር። ዘቢብ ስኳሩ ብዙ ነው፤ አጃው ገና ሳይበስል እሱ አብጦ አረረ፣ ከዚያም እንደ ጠጠር ደረቀ። መረረ። እንኳን እማዬ እኔም አልቻልኩትም። የደረቀ ፍራፍሬ መጨመር ያለበት መጨረሻ ላይ ነው፤ ግራኖላው ከእሳት ወጥቶ ሲቀዘቅዝ። ሙዝም ሆነ ማንጎ ቢሆን ያው ነው።

በሁለተኛው ቀን አበሳሰሉ ጥሩ ነበር። 150 ዲግሪ ላይ ወደ ግማሽ ሰዓት ቆየ። ወርቃማ ሆኖ ወጣ። ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ለውዙ፣ ኮረሪማው፣ የማሩ ጠረን። ቸኮልኩና ገና ትኩስ እያለ ማሰሮ ውስጥ ገልብጬ ከደንኩት። ጠዋት ስከፍተው ክዳኑ በውስጥ በኩል ላብ አውጥቷል። ግራኖላው ልፍስፍስ ብሏል።

ስለ ኩርሽምታው የገባኝ ያን ጠዋት ነው። ግራኖላ ከእሳት ሲወጣ ለስላሳ ነው። ማሩ ትኩስ ሲሆን ይፈሳል፤ ሲቀዘቅዝ ነው የሚጠጥረው። ስለዚህ ትሪው ላይ እንዳለ፣ ሳይነካኩት፣ ሙሉ በሙሉ እስኪቀዘቅዝ መተው ነው። ሌላው ደግሞ ክረምቱ ነው። ማር ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። የጎንደር ነሐሴ ደግሞ ጉም ነው፣ ዝናብ ነው፣ የታጠበ ልብስ ሁለት ቀን የማይደርቅበት ወር ነው። በበጋ በፌስታል ተቋጥሮ የሚቆይ ነገር አሁን በደንብ የሚገጥም ክዳን ይፈልጋል። ከለሰለሰም አይጣልም። ለስለስ ባለ እሳት አሥር ደቂቃ ያህል አሙቆ እንደገና ማቀዝቀዝ ነው። የልፍስፍሱን ማሰሮ እንዲህ አድርጌ ነው ያዳንኩት።

መቼም ሲጀመርም ለጥርስ የታሰበ ምግብ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1863 ዓ.ም፣ እኛ ጋ ዓፄ ቴዎድሮስ ንጉሥ በነበሩበት ጊዜ፣ ጄምስ ካሌብ ጃክሰን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ኒው ዮርክ ግዛት ዳንስቪል በምትባል ከተማ ካልተነፋ የስንዴ ዱቄት ጋግሮ፣ ሰባብሮ፣ እንደገና ጋግሮ «ግራኑላ» አለው። በጣም ጠንካራ ስለነበር ሌሊቱን ወተት ውስጥ ተዘፍዝፎ ነበር የሚበላው። በኋላ ሌላው ሐኪም ጆን ሃርቪ ኬሎግ የራሱን ዓይነት ሠርቶ በዚያው ስም ጠራው። ክርክር ሲነሣ አንድ ፊደል ቀይሮ «ግራኖላ» አደረገው። ይሄን ሳነብ እማዬና አንዲቷ የቆሎ ፍሬዋ ነበሩ ዓይኔ ላይ የመጡት። እስኪርስ መጠበቅ።

ሦስተኛው ትናንት ነው። ሦስት ኩባያ አጃ፣ አንድ ኩባያ የተፈነከተ ለውዝ፣ ግማሽ ኩባያ የተፈለፈለ የዱባ ፍሬ፣ ሦስት ማንኪያ ሰሊጥ። ለውዙን ከወትሮው አድቅቄ ነው የፈነከትኩት፤ ለእሷ እንዲመች። አንድ ሦስተኛ ኩባያ ማርና ትንሽ ያነሰ ዘይት ሞቅ አድርጌ ከተልባው ጋር ለወስኩት። ጨው ቆንጠር፣ ኮረሪማ ቆንጠር። ኦቭን ውስጥ አስገባሁት። ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ መብራት ጠፋ።

ዝም ብዬ ቆምኩ። ግማሽ ጥሬ፣ ግማሽ ብስል። ልጥለው ነበር።

እማዬ ከሳሎን መጣች። ምንም አላለችም። ከሰሉ ላይ የነበረውን ሽሮ አወረደችና ብረት ምጣዱን ጣደች። ፍሙ ሲበዛባት አመድ ነስነስ አድርጋ ሸፈን አደረገችው። «እሳቱ ከበረታ ላዩ ያርና ውስጡ እንደረጠበ ይቀራል» አለች። ከዚያ ትሪውን ምጣዱ ላይ ገለበጠችውና ቁጭ ብላ በእንጨት ማንኪያ ታገላብጠው ጀመር። ቀስ እያለች፣ ከዳር ወደ መሐል። ልክ እንደ ገብሱ።

እኔ በስልኬ መብራት ቀለሙን ለማየት ጎንበስ ስል፣

«አትዪው፣ ስሚው» አለችኝ።

ስልኩን አጠፋሁትና ሰማሁ። መጀመሪያ ድምፅ የለውም። እርጥብ ነው፤ ማንኪያው ሲነካው ዝም ብሎ ይንሸራተታል። ትንሽ ቆይቶ ሰሊጡ ጣ፣ ጣ ማለት ጀመረ። ከዚያ አጃው ራሱ ድምፅ አወጣ፤ ደረቅ ቅጠል ላይ ሲኬድ እንደሚሰማው ያለ ሽሽታ። እየጠራ መጣ። «ውኃው ወጣለት» አለች እማዬ። እኔ ብሆን ገና አቆየው ነበር፤ በከሰሉ ፍም ሳየው ገና ነጣ ያለ ነው። «ቀይ እስኪሆን ከጠበቅሽው ከወረደ በኋላ ያርብሻል። ምጣዱ ቢለቀው ሙቀቱ አይለቀውም» ብላ አወረደችው።

ትሪው ላይ ዘርግታ በጭልፋ ጀርባ ተጫነችው። ጫን፣ ጫን፣ ዳር ዳሩን። እኔ ስለ ማሩ መጠጠር አንብቤ ያወቅኩትን እሷ ማንም ሳይነግራት አደረገችው። ሲቀዘቅዝ እንደ ጠፍጣፋ ቂጣ ሆኖ ተያያዘ። በእጄ ስሰብረው ኮሽ ብሎ ለቀቀ፤ ትንንሽ ጓል ጓል ሆነ። ዘቢቡን ያኔ ጨመርኩ። እፍኝ ብቻ።

ዛሬ ከግምጃ ቤት ማርያም ከቅዳሴ ስትመለስ ሰዓቱ ገፍቶ ነበር። ነጠላዋን ሳታወልቅ ቁጭ አለች። በትንሽ ሳህን አድርጌ የሱፍ ውኃ አፈሰስኩበት። ጾም ስለሆነ ወተት የለም፤ ሱፉ ግን ከወተት አላነሰም። ማንኪያውን አፏ ውስጥ አደረገች። እኔ ትንፋሼን ይዤ አያታለሁ። አልጠበቀችም። አፏ ውስጥ አላቆየችውም። በግራ በኩል፣ ጥርስ በቀረላት በኩል፣ ቆረጠመችው። ድምፁ ተሰማኝ።

«ይሄማ ይቆረጠማል» አለች። ዓይኗ ግን ሳህኑ ላይ ነበር።

ሁለተኛውን ስትጨልፍ የሱፉን ውኃ አልፈለገችውም። ከማሰሮው በደረቁ ወሰደች። ቆየት ብላ ትንሽዬዋን ሙዳይ አወጣችና ሞላቻት። ከማዶ ላሉት ባልቴት ነው፤ እሳቸውም እንደ እሷ ቆሎ አይችሉም። በዝናቡ መሐል ጃንጥላ ይዛ ሄደች። ስትመለስ ሙዳዩ ባዶ ነበር። «ኮረሪማውን ጨምሪ ብለውሻል» አለችኝ።

ማታ እቃ ሳነሣ የተረፈውን ዘቢብ ከመደርደሪያው ላይ አጣሁት። ወጥ ቤቱን ሁሉ ፈለግኩ። በመጨረሻ ያገኘሁት በሩ አጠገብ፣ ለነገ ያዘጋጀችው ነጠላ ጫፍ ላይ፣ ከጧፉ ጋር ተቋጥሮ ነው።