ዴስክቶፑ ብቻ ሲንቀራፈፍ

ኔት ሲንቀራፈፍ ከሁሉም አፍ ቀድሞ የሚወጣው «መስመሩ ነው» የሚለው ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ስልክ ላይ ቪዲዮ ሳይቆራረጥ እየታየ ዴስክቶፑ ብቻ ከተጎተተ ግን መስመሩ ምን አጠፋ? ችግሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ወይም ከእሱ እስከ ራውተሩ ባለችው አጭር መንገድ ላይ ነው።

ለመለየት ኮማንድ ፕሮምፕት (ትዕዛዝ የሚጻፍበት የዊንዶውስ መስኮት) ከፍቶ የራውተሩን አድራሻ ፒንግ ማድረግ፣ ማለትም ping ብሎ አድራሻውን ጽፎ መልሱ በስንት ጊዜ እንደሚመለስ ማየት ይበቃል። አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፤ ካልሆነ ራውተሩ ላይ ተለጥፏል። በኬብል መልሱ 1 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው፤ በዋይፋይ 10 ቢደርስም አያሳስብም። አንዴ 3፣ አንዴ 200 እያለ የሚዘል ከሆነ ጣጣው ቤት ውስጥ ነው። የራውተሩ መልስ ንጹሕ ሆኖ 8.8.8.8 (ከቤት ውጭ ኢንተርኔት ላይ ያለ የጉግል አድራሻ) ላይ ብቻ ከተበላሸ፣ ያኔ መስመሩን መጠርጠር ይቻላል።

ከቁጥር ጋር የሚመጣ ጭቅጭቅም አለ። ፓኬጁ 10 ሜጋ የተባለው በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት ነው፤ ዳውንሎድ ሲደረግ የሚታየው ደግሞ ሜጋ ባይት። በ8 ሲካፈል 1.25 ይመጣል። ስለዚህ 1 ጊጋ ባይት ፋይል 13 ደቂቃ ተኩል ገደማ ቢፈጅ የተከፈለበትን እየሠራ ነው።

ዴስክቶፕ በዋይፋይ ሲሆን የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ከኋላ የምትሰካው ትንሿ የዩኤስቢ ዋይፋይ ናት። ጠረጴዛ ሥር፣ በብረት ሳጥኑ ተከልላ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ምን ትቀበል? ሰማያዊው የዩኤስቢ 3 ሶኬት ደግሞ ሥራ ላይ ሲሆን ዋይፋይ ከሚጠቀምባቸው ሞገዶች አንዱ በሆነው በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የራሱን ረብሻ ይለቃል። አንድ ሜትር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ገዝቶ ጠረጴዛው ላይ ማውጣት ነው፤ አዲስ ራውተር ከመግዛት በፊት ይህ ይሞከር። የእኛ አገር ቤት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የጭቃ ግድግዳ ሲግናሉን ያደክመዋል፣ ቆርቆሮ ግን ይመልሰዋል። ራውተሩ ዋናው ቤት ሆኖ ኮምፒውተሩ በቆርቆሮ የተከበበ ሰርቪስ ቤት ከተቀመጠ፣ መስኮት ለመስኮት ማስተያየት ወይም ኬብል መዘርጋት እንጂ ሌላ መላ የለውም። ባሕር ዳር ላይ እንዳሉት ፎቅ ቤቶች ጎረቤት በበዛበት ደግሞ የ2.4 ጊጋኸርዙን ቻናል (ዋይፋዩ የሚሠራበትን መስመር) ራውተሩ ላይ ከ1፣ ከ6 እና ከ11 አንዱ ላይ ማድረግ፤ ራውተሩ እዚያው ክፍል ካለ 5 ጊጋኸርዙን መጠቀም።

ኬብል ተዘርግቶም የሚንቀራፈፍ አለ፤ ጥፋቱም ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ ነው። ገመዱ 8 ሽቦ፣ 4 ጥንድ ነው። ቅደም ተከተሉ፦ ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። አረንጓዴው ጥንድ ለምን ሰማያዊውን አቅፎ ይቀመጣል የሚል ሰው ጥንዶቹን በተርታ ያስተካክላቸዋል፤ ለዓይን ያምራል። በትንንሽ መብራቶች የሚያሳየው የኬብል ቴስተርም 8ቱን ያበራል። ግን 3ኛውና 6ኛው እግር ከተለያየ ጥንድ ስለሚወጡ፣ ገመዱ ረዘም ሲል ሽቦዎቹ እርስ በርስ ይረባበሻሉ፤ የተበላሸው ዳታ ደጋግሞ ስለሚላክ ፍጥነቱ ይወርዳል። የጥንዱ ጥምዝም ሲፈታ ከ13 ሚሊሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ የኢተርኔቱ ሊንክ ስፒድ 10 ካለ ጫፉን ቆርጦ እንደገና መምታት። 100 ካለና ፓኬጁ 20 ሜጋ ከሆነ ለውድ ኬብል ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው።

ገመዱም ደህና ሲሆን ታስክ ማናጀር ከፍቶ የኔትወርክ ዓምዱን ማየት። ዊንዶውስ አፕዴት ሲያወርድ ይጎትታል፤ ከዚያ አልፎ ያወረደውን ለሌሎች ኮምፒውተሮች የሚያጋራበት ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን የሚባል ነገር አለው፤ ይዘጋ። ብዙ ሰው የሚረሳው ግን አፕሎዱን ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ ስልክ ፎቶ ወደ ክላውድ ሲጭን አፕሎዱ ይሞላል፤ ዳውንሎዱም የ«ደርሶኛል» መልስ የሚልክበት መንገድ አጥቶ ቆሞ ይጠብቃል። ዲኤንኤስ (የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚተረጉመውን አገልግሎት) ቀይሩ የሚለው ምክር ገጽ ለመክፈት ያለውን መዘግየት ሊያሳጥር ይችላል እንጂ ሜጋ አይጨምርም።

ክረምት ላይ ነገሩ ይለወጣል። ከደብረ ማርቆስ እስከ እንጅባራ ዝናቡ ሲበረታ የመዳብ መስመር መገጣጠሚያ ውኃ ይገባዋል። መደበኛ ስልኩ ሲነሳ ከተንጫጫ ኔቱም እየተሠቃየ ነው። ሰማዩ ሲጠቁር፣ ነጎድጓድ ሳይጀምር፣ የመብራቱንም የስልኩንም ገመድ መንቀል፤ የመብራቱን ብቻ ነቅሎ ሞደሙን በስልክ መስመሩ በኩል የሚያስመታ ጥቂት አይደለም። ፋይበር መብረቅ አያስተላልፍም፣ አዳፕተሩ ግን ያስተላልፋል። ፋይበሩ ቀጭን መስታወት ስለሆነ በሚስማር ዙሪያ አጥፎ ማሰር ብርሃኑን ያፈሰዋል፤ ሎስ (LOS፣ ሲግናል መጥፋቱን የሚያሳየው) የሚለው መብራት ቀይ ከሆነ ደግሞ ቤት ውስጥ የቀረ ሥራ የጫፉን መሰካትና የገመዱን መታጠፍ ማየት ብቻ ነው።

ለጥገና ሲደወል «ኔት የለም» ማለት ብዙ አይረዳም። በኬብል ተገናኝቶ፣ ሌላው ሁሉ ከዋይፋይ ወጥቶ፣ ጠዋትና ማታ 2 ሰዓት ላይ የተለካ ፍጥነት፣ የፒንጉ ውጤት፣ የትኛው መብራት ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው። ይህ በወረቀት ተይዞ ይደወል።