በእርሳስ የተሰመረው ገጽ

ዛሬ አራት ኪሎ አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ ዘንድ ቆሜ ሳለሁ፣ አንዲት ተማሪ «ጋሼ፣ ጥሩ ልብ ወለድ ይምረጡልኝ» አለችኝ። ሰሞኑን ደግሜ ያነበብኩትን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» አነሣሁላት። ገለጥ ስታደርገው፣ ጉዱ ካሳ የዘመኑን ሥርዓት በሚተችበት ገጽ ላይ የቀድሞው አንባቢ በእርሳስ አስምሮ፣ በኅዳጉ «እውነት ነው» ብሎ ጽፎበት አገኘን፤ ከመጫኑ የተነሣ ወረቀቱ ሊቀደድ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ስሙን የማናውቀው ያ ሰው ከእኔ ይልቅ አጥብቆ መጽሐፉን የመከራት መሰለኝ።

ስለ አገር ኢኮኖሚ ማሰብ ከፈለገች፣ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ካረፈ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመውን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» እንድታነብ፣ ከግጥም ደግሞ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን «እሳት ወይ አበባ» ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንድታነብበው ነገርኳት፤ የጸጋዬ ምት በዐይን ብቻ አይያዝምና። ገንዘቧ ለአንዱ ብቻ ስለበቃ፣ በእርሳስ የተሰመረበትን ይዛ ሄደች።