ከቀለበቱ ሥር ያላየሁት፦ ውጅግራ ስገዛ የተማርኩት

ውጅግራ የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ በፉከራና በቀረርቶ ስሰማው ኖሬአለሁ። ከፈረንሳይኛው «ፉዚል ግራ» የመጣ መሆኑን ያወቅኩት ግን ካደግኩ በኋላ ነው። ፉዚል ማለት ጠመንጃ፣ ግራ ደግሞ የነደፈው መኮንን የባዚል ግራ ስም። ስለዚህ አንድ ቀን የጨረታ ካታሎግ ሳገላብጥ «የ1874 ሞዴል ግራ፣ ሁኔታው በጣም ጥሩ» የሚል ሳይ ልቤ ቀድሞ ገዛው። ከዚያ በኋላ ያየሁትን ሁሉ ለመግዛት ምክንያት አደረግኩት።

ስለ ፈቃድ አልተርክም። ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የምትኖሩበትን አገር ሕግ ጠይቁ።

ዕቃው ለዕይታ በቀረበበት ቀን ማልጄ ሄድኩ። መዝጊያውን ከፍቼ ባዶ መሆኑን በዓይኔም በጣቴም አረጋገጥኩ። ውጅግራ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ስለሆነ ይህ ጊዜ አይወስድም። ጥይቱ የሚያልፍበት ቱቦ፣ አካሉና መዝጊያው ላይ የተመታውን ቁጥር አነጻጸርኩ፤ አንድ ነው። ቪቶቹን (ብሎኖቹን) አየሁ። ጥርሳቸው በካቻቪቴ የተበላ ከሆነ አንድ ችኩል ሰው ፈቶታል ማለት ነው። የእኔው ብዙም አልተጎዳም። ሰደፉ ላይ ያለው ክብ ማኅተም ጠርዙ ጥርት ብሎ ይነበባል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እንጨቱ በብርጭቆ ወረቀት ከተፈተገ መጀመሪያ የሚጠፋው ማኅተሙ ነውና። እንጨቱ ከብረቱ ዝቅ ብሎ ከታያችሁም እንደዚያው ጠርጥሩ።

የቱቦውን ውስጥ በባትሪ ሳይ ጨለመብኝ። ጥይቱን የሚያሽከረክሩት አራቱ ቦዮች ይታያሉ (ስሙም ግራ፣ ቦዩም የሚዞረው ወደ ግራ)፣ ግን ጥቁር ነው። ሌሊቱን ሙሉ የተጨነቅኩት በዚህ ነበር። የሚገርመው፣ በኋላ ስወለውለው አብዛኛው የቆየ ቅባትና የባሩድ ጥላሸት ሆኖ ተገኘ። ሰው የሚፈራውን ሲጠብቅ ያልፈራው ይበላዋል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ።

ውጅግራ ረጅም ነው፣ 1 ሜትር ከ30 ገደማ። ቱቦውን ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩት የብረት ቀለበቶች አሉ። ሠራተኛውን «እነዚህን ቀለበቶች ወደፊት አንሸራትተን ከሥር እንየው?» አልኩት። «ዕቃ አይፈታም» አለኝ። መፍታት አይደለም፣ ማንሸራተት ነው ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። «መመሪያችን ነው፣ ጌታዬ። ሁኔታው በጽሑፍ ተገልጿል» ብሎ አንዲት ወረቀት ሰጠኝ። ወረቀቷ ላይ ያው «በጣም ጥሩ» ይላል። ከኋላዬ ተሰልፈው የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። አፈርኩና ተውኩት። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያቺ ማፈሬ ናት።

ገዛሁት። ቤት ወስጄ በዚያው ማታ ፈታሁት። መወልወያ ዘንጉን አወጣሁ፣ ቀለበቶቹን ሳብኩ፣ ቪቱን ፈትቼ ቱቦውን ከእንጨቱ አነሳሁት። መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ቡናማ ዱቄት ፈሰሰ። ከእንጨቱ በላይ የሚታየው ብረት ለስላሳና የሚያምር ነው። በእንጨቱ ተሸፍኖ የኖረው ግማሽ ግን ፈንጣጣ የመታው ፊት ይመስላል፤ ዝገቱ ጉድጓድ ጉድጓድ ሠርቶበታል። እርጥበት በብረትና በእንጨት መካከል ገብቶ ይቀራል፣ ማንም አይወለውለውም። ለዚህ ነው የድሮ ጠመንጃ ብዙ ጊዜ ከሥሩ የሚበላው።

ዝገቱን እችለው ነበር። ቀጥሎ ያየሁት ነው ያንገበገበኝ። በአንዱ ቀለበት ሥር እንጨቱ ተቆርጦ ተቀጥሏል! አንድ ሰው ለአደን እንዲቀልለው የፊቱን እንጨት ቆርጦ ጥሎታል፤ ሌላ ሰው ደግሞ ከሌላ ጠመንጃ አምጥቶ በሙጫ አጣብቆ፣ መጋጠሚያውን ልክ በቀለበቱ ሸፍኖታል። ሥራው ንጹሕ ነው፣ እጁን አደንቃለሁ። ሕሊናውን ግን እንጃ።

ለአጫራቾቹ ጻፍኩላቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ «መግለጫው አስተያየት እንጂ ዋስትና አይደለም፣ ዕቃው ባለበት ሁኔታ ነው የተሸጠው» የሚል መልስ መጣ። እልህ ያዘኝና የደረጃ ቃላቱን ማንበብ ጀመርኩ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር ለጥንታዊ መሣሪያ ባወጣው መለኪያ «በጣም ጥሩ» ለመባል ሁሉም ክፍሎች የመጀመሪያዎቹ መሆን አለባቸው። ከፋብሪካ የወጣበት ቀለም ግን ከ30 በመቶ ጀምሮ ምንም እስካለመኖር ድረስ ቢወርድ ይፈቀዳል። አያችሁ? እኔ «በጣም ጥሩ» ሲባል የሚያብረቀርቅ ነገር ነበር የታየኝ። ይህን መለኪያ ጠቅሼ «እንጨቱ የመጀመሪያው አይደለም» ብዬ እንደገና ጻፍኩ። «የእኛ ቃል የዚያ ማኅበር ቃል አይደለም» አሉኝ። የእናንተ ቃል ታዲያ ትርጉሙ ምንድን ነው? ለዚህ መልስ አልመጣም።

ሳይፈታ ማወቅ ይቻል ነበር ወይ? ይቻል ነበር፤ ይህን የነገረኝ ጠመንጃ የሚጠግን አንድ አዛውንት ነው። በእንጨቱ ላይ የሚታዩትን የተፈጥሮ መስመሮች ከቀለበቱ በፊትና በኋላ ተመልከት አለኝ። የእንጨት መስመር እንደ ወንዝ ነው፣ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል መውጣት አለበት። ከቀለበቱ ወዲህ ቀጥ ያለው ከቀለበቱ ወዲያ ሰያፍ ከሆነ ተቀጥሏል። ቀለሙም ትንሽ ይለያል። ዝገቱን ደግሞ ቀጭን ወረቀት በብረቱና በእንጨቱ መካከል አስገብቶ በመሳብ መሞከር ይቻላል። ወረቀቱ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ዋጋ አስቀንሱ። ለዚህ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም፣ ቪትም አይፈታም። በዚያ ዕለት ይህን ባውቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም ነበር።

ዋጋውን በተመለከተ ሻጭ የሚጠራውን ዋጋ አትመኑ፤ እሱ ምኞት ነው። ተሽጦ ያለቀ ዋጋ ፈልጉ፤ ያው ሞዴል፣ ተቀራራቢ ሁኔታ፣ ቢያንስ አምስት። እኔ ሁለት ብቻ አይቼ ነው የገባሁት፣ ሁለቱም ሙሉ ዕቃ ነበሩ። የተቀጠለ እንጨት ያለውን በሙሉ ዕቃ ዋጋ ገዛሁ ማለት ነው። መዶሻው በተመታበት ዋጋ ላይ አጫራቹ የሚጨምረውን ክፍያም አትርሱ። ከ20 እስከ 25 በመቶ የሚጨምሩ ብዙ ናቸው። በ100 አሸነፍኩ ያለ ሰው 125 ሊከፍል ይችላል፣ ማጓጓዣው ሳይታሰብ። ስለዚህ የመጨረሻ ዋጋችሁን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ግቡ፤ ክፍያውንም አስቀድማችሁ ቀንሱለት።

መጽሐፎቹ «አቅማችሁ የሚፈቅደውን በጣም የሚያምረውን ግዙ» ይላሉ። እኔ አልስማማም። የሚያብረቀርቅ የመቶ ዓመት ብረት ያስፈራኛል። እኔ ብሆን ማንም ያልነካካውን፣ ቡናማ የሆነውን፣ ጭረቱም ቆሻሻውም ያለበትን እመርጣለሁ። ገዝታችሁም በብርጭቆ ወረቀት እንዳትነኩት፤ ዘይትና ጨርቅ ይበቃዋል። ሊተኮስበት የሚያስብ ካለ ደግሞ መጀመሪያ ለባለሙያ ያሳይ። ይህ መሣሪያ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ የዛሬን ባሩድ አይችለውም።

ባለፈው ወር እዚያው ቦታ ሌላ ውጅግራ ለዕይታ ቀርቦ ነበር። ወረቀቴን ከኪሴ አውጥቼ ልሞክር ስል ያው ሠራተኛ አየኝና ገና ሳልጠይቀው «አይፈታም» አለኝ። አልፈታሁም። ወረቀቷን አስገብቼ ሳብኩ፣ ቡናማ ሆና ወጣች። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ።