የ63,000 ብሩ ልዩነት

ሰኔ 30 ሲቃረብ የሒሳብ ክፍል ሰው ቤቱን ይረሳል። በምሠራበት የጅምላ ንግድ ድርጅት የዓመቱን የባንክ ማስታረቂያ ስናዘጋጅ መዝገባችን ከባንኩ መግለጫ በ63,000 ብር በልጦ ተገኘ። ሁሉም መስመር ተመሳክሮ ቀይ ምልክት ተደርጎበታል፤ ልዩነቱ ግን አልጠፋም። እኛ ወጣቶቹ ከመጀመሪያው ቫውቸር ልንጀምር ፋይል ማውረድ ያዝን።

«ቆዩ፣ መጀመሪያ ልዩነቱን ለ9 አካፍሉት» አሉ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የክፍሉ አንጋፋ ባለሙያ።

ያለ ቀሪ ተካፈለ፤ 7,000 ሆነ።

«እንግዲህ ወይ 7,000 ብር ዜሮ ተጨምሮበት 70,000 ተብሏል፣ ወይ ሁለት ጎረቤት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል።»

በ70,000 የተመዘገቡትን አየን፤ ሁሉም ትክክል ነበሩ። ሁለተኛው ቀረ። እትዬ ምክንያቱን በወረቀት ጥግ ላይ ጻፉልን። 18 የነበረው 81 ሲሆን 8 ከአንድ ቤት ወደ አሥር ቤት ወጥቶ 72 ይጨምራል፤ 1 ደግሞ ወርዶ 9 ይቀንሳል። የተረፈው 63 ነው፤ የሁለቱ አሃዞች ልዩነት 7 በ9 ተባዝቶ ማለት ነው። የትኞቹም ጎረቤት አሃዞች ቢለዋወጡ ከዚህ ሕግ አይወጡም።

የእኛ 63 ሦስት ዜሮ ስለሚከተለው ስሕተቱ ያለው በሺህ ቤትና በአሥር ሺህ ቤት ነው፤ አሃዞቹም በ7 የሚራራቁ መሆን አለባቸው። ስለዚህ በመዝገባችን የገቢ ዓምድ በእነዚያ ቤቶች 70፣ 81 ወይም 92 ያለበትን፣ በወጪ ዓምድ ደግሞ ግልባጩን 07፣ 18 ወይም 29 ያለበትን ብቻ መፈለግ በቂ ነበር። ያ ሁሉ ክምር ወደ ጥቂት መስመሮች ወረደ! ብዙም ሳንቆይ አገኘነው፤ ባንኩ 27,518,364 ያለውን እኛ 27,581,364 ብለነዋል። ቀዩ ምልክት አጠገቡ ነበር። ዓይን ስምንቱንም አሃዞች አይቶ ቅደም ተከተላቸውን አላየም።

እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ሌላ ነው። የሁለቱንም ቁጥሮች አሃዞች ብትደምሩ 36 ይመጣል። አሃዝ በመደመር ብቻ ቁጥር የሚያጣራ ሰው ይህን ስሕተት ፈጽሞ አይደርስበትም፤ ልዩነቱን ለ9 እንዲካፈል የሚያደርገውም ይኸው የድምር እኩልነት ነው። የቀድሞው ባለ10 አሃዝ የመጻሕፍት መለያ ቁጥር (ISBN) እያንዳንዱ አሃዝ እንደ ቦታው በተለያየ ቁጥር ተባዝቶ ድምሩ ለ11 መካፈሉ የሚጣራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጎረቤት አሃዞች ሲለዋወጡ ወዲያው ይይዛል።

ዘጠኝን ግን እንደ ማስረጃ ብቻዋን አልቀበላትም። ከዘጠኝ ተከታታይ ሙሉ ቁጥሮች አንዱ ምንጊዜም ለ9 ስለሚካፈል፣ በአጋጣሚ የሚገጥም ልዩነት አለ፤ ሰነዱ እስኪገኝ ድረስ ጥርጣሬ ነው። ለ9 ካልተካፈለ ደግሞ ለ2 አካፍሉት፤ ግማሹን የሚያክል ገንዘብ ዴቢት (የመዝገቡ ግራ ዓምድ) መሆን ሲገባው ክሬዲት (ቀኝ ዓምድ) ተደርጎ ሊሆን ይችላል።