ቁርስ ምን በላሽ?

ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ጠዋት ማይክ ፊት መቀመጥ ቀላል አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ብርዱ አፍ ያስራል። አዳዲስ የሬዲዮ አቅራቢዎችን ሳሠለጥን መጀመሪያ ትኩስ ሻይ አስጠጣቸዋለሁ።

ከነሱ አንዷ የመንዝ ልጅ ናት። ሻይ ቤት ስታወራ ሰው ሥራውን ትቶ ይሰማታል። ስቱዲዮ ስትገባ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ድምጿን ታወፍራለች፤ የቃሉን መጨረሻ ትጎትታለች፤ በየመሀሉ «ውዶቼ» ትላለች። ከአዲስ አበባ ኤፍኤሞች የሰማችው ነው። አልፈርድባትም፤ ሬዲዮ ማለት ይኼ ነው ብላ ነው ያደገችው። እኔም ሁለት ሳምንት ሙሉ «ዘና በይ፣ ራስሽን ሁኚ» ስላት ከረምኩ። ይኼ ምክር ሰውን የበለጠ ያስጨንቃል እንጂ አያዝናናም።

አንድ ጠዋት በቀጥታ ስርጭት የአንድ ገበሬ መልእክት አነበበች። «የእኛ ገብስ ገና ነው፤ ውርጩ እንዳይቀድመን ሰግተናል» ይላል። እሷ «ገና»ን አጥብቃ፣ በዓሉን እንደምንጠራው አድርጋ አነበበችው። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው ለይቶ አይጽፍም። አንባቢው ከሐሳቡ ነው የሚያገኘው።

ወዲያው አንድ አባት ደወሉ። «ልጄ፣ ገብሱ የሚደርሰው ለገና ነው ያልሽው? እስከዚያማ ውርጩ ይጨርሰዋል እኮ!» አልተቆጡም፤ ጨንቋቸው ነው። የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ።

የገበሬ ልጅ ናት። እቤቷ ሆና ብታወራው ኖሮ ይኼ ቃል አይሳሳታትም ነበር። ያን ጠዋት ግን ጆሮዋ የራሷ ድምፅ ላይ እንጂ ሰውየው የጻፉት ላይ አልነበረም።

ስርጭቱ ሲያልቅ ቴክኒሺያኑን የጠዋቱን ቅጂ አስከፈትኩት። ከስርጭት በፊት የድምፅ መጠን ስንለካ ሁሌም «ቁርስ ምን በላሽ?» እንላለን። መልሷ ተቀድቶ ነበር። ሄድፎኑን ሰጠኋት። «ቆሎ። እናቴ ልካልኝ። ትንሽ አርሯል፤ ግን የእሷ እጅ ነው ብዬ ጨረስኩት» ትላለች። ቀጥሎ የስርጭቱን አሰማኋት። ሄድፎኑን አውርዳ ዝም አለች።

«ጋሼ፣ ይቺ ሁለተኛዋ ማናት?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ አሠራራችንን ቀየርን። መልእክቱን በለሆሳስ ታነበዋለች። ወረቀቱን ገልብጣ በራሷ አፍ ለእኔ ትነግረኛለች። የሚጠብቀው ፊደል ላይ በእርሳስ ነጥብ ታደርጋለች። ሲያስፈልግ ብቻ ወደ ጽሑፉ ትመለሳለች። ማይኩን በስንዝር ርቀት አድርጋ፣ እናቷ ምጣድ ዳር ሆና ሬዲዮ ስትሰማ እንድታስብ ነገርኳት። አንድ ሰው ፊት ለፊትህ ካለ ድምፅ ማወፈር ያሳፍራል።

በማግስቱ ስርጭቱን እንዲህ ብላ ጀመረች። «ትናንት አንድ መልእክት አሳስቼ አንብቤያለሁ። ገብሱ ገና አልደረሰም ለማለት ነው። የእኛም ቤት ያው ነው። ማታ ሰማዩ ጥርት ሲል እናቴ እንቅልፍ አጥታ ነው ያደረችው።»

አርፍዳ የመጣች ሌላ ሠልጣኝ በሩን በቀስታ ገፋ አድርጋ ገባች። ትንሽ ቆማ አዳመጠችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ድምፅ እየለካች ነው ወይስ ጀምራለች?»